አራት ሆኜ የዘመርኩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅግጅጋ፣ ከሥራ መልስ ስልኬን ስከፍት ከጊታር ቡድናችን አንድ ጥያቄ ጠበቀኝ። በየከተማው ተበታትነን ያለን፣ ሉፕ በሚባል መሣሪያ የምንጫወት ሰዎች ነን፤ አንዱ አጭር ዜማ ቀድቶ ይልካል፣ ሌላው የራሱን ይደርብበታል። አዲስ የገባች ልጅ «እህቴ፣ አንቺ እንዴት ጀመርሽ?» ትላለች። ሁለት መስመር ጻፍኩና አጠፋሁት።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ የሚጫወተውና ከበሮ የሚመታው ሁለቱ ወንድሞች ለትምህርት ሄደው፣ የቀረነው እኔ ከነጊታሬና ሦስት ሴት ዘማሪዎች ብቻ ነበርን። ያኔ ነው ሐዋሳ ያለው አጎቴ ሉፕ የሚባለውን የእግር መርገጫ የላከልኝ። ሲረግጡት የተጫወቱትን ይይዝና ደጋግሞ ያሰማል፤ በላዩ ሌላ መጨመር ይቻላል። የጊታሩን እንጨት በመዳፌ መትቼ ከበሮ አደረግሁት፤ በወፍራሙ ክር ቤዙን፣ ከዚያ በገዛ ድምፄ የሦስቱንም ሴቶች ቦታ ያዝኩ።

የመጀመሪያው እሑድ ጉባኤው እልል አለ። ሽማግሌያችን ጋሽ ዘለቀ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ጌታ በአንቺ ሙሉ ኳየር ሰጠን» አሉኝ። ደስታዬ የማንጎው ወቅት እስኪያልፍ እንኳ አልቆየም። ዘማሪዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። የመጨረሻዋ የአክስቴ ልጅ ማርታ ነበረች። ደጃፋችን ላይ ማንጎ እየላጠች፣

«እኔ ምን ልሥራ? አንቺ አራት ነሽ» አለችኝ።

«ማርቲ፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ማንጎም አራት ነው የሚደርስሽ፣ እንኪ።»

ሳቅን። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከምእመናኑ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ማምለጫ አጣሁ። እሑድ እኔ፣ የረቡዕ ጸሎት እኔ፣ ላንቴ መንደር ሠርግ እኔ፣ ምዕራብ ዓባያ ለቅሶ እኔ። ካመመኝ ዝማሬ የለም። መርገጫው ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ እናቶች እያለቀሱ አንዱን ስንኝ መደጋገም ሲያምራቸው እሱ በያዘው ፍጥነት ይሄዳል፣ እኔም እከተለዋለሁ። ለጸሎት ስንበረከክ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ይዞር ጀመር። ይህን ለማን ይነግሩታል? አገልግሎት በዛብኝ ማለት ኃጢአት መሰለኝ።

ላይኛው የከተማችን ክፍል ሴቻ፣ አንድ ሆቴል የሚጫወት ካሳሁን የሚባል ሰው እንደኔው ያለ መርገጫ እንዳለው ሰማሁ። የሆቴል ዘፋኝ ነው፤ ለጌታ ቤት ልጅ እዚያ መታየት ቀላል ነገር አይደለም። እሱስ ብቻውን እንዴት ይችለዋል ብዬ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የሚያዝያ ዝናብ አባርቶ፣ ጊታሬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ዳገቱን በሚኒባስ ወጣሁ። ካሳሁን ሐይቁን በሚያሳየው ግቢ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ይለማመድ ነበር። ሦስቱም መርገጫ ነበራቸው። እንደ ልማዴ ሁሉንም ሞልቼ አሰማኋቸው። ካሳሁን አንገቱን ወዘወዘና፣

«እህቴ፣ ያምራል። ግን እኛ በየት እንግባ?» አለኝ።

እንደገና ጀመርኩና አንዱን ድምፅ ተውኩት፤ እሱ ገባበት። ሌላውንም ተውኩት፤ ተማሪዎቹ ገቡ። ከወራት በኋላ ከሰው ጋር ስጫወት ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ምሳ ቆየሁ፤ የተጠበሰ ዓሣ ዳጣ በሚሉት የሚያቃጥል ማባያ አበሉኝ።

ሰው አይቶኝ ኖሯል። ማክሰኞ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። አዎ፣ ሄጃለሁ አልኩ። ከአገልግሎት መታገዴን ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ተመኝቼውም ነበር። ጋሽ ዘለቀ ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ብናግድሽ ማን ይዘምራል? ዳግመኛ አልሄድም በይን፣ ይበቃል» አሉ። ቃል ገባሁ፤ ቃሌንም ጠበቅሁ።

እሑድ መዝሙሩን የማርታን ድምፅ ሳልሞላ ጀመርኩ። ያ ባዶ ቦታ ዞረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ማርታ መዝሙር መጽሐፏ ላይ አቀርቅራለች። ጉባኤው በትዕግሥት አጨበጨበ። ሲያልቅ ጋሽ ዘለቀ ተጨንቀው መጡ፤ «ዕቃው ተበላሸ እንዴ ልጄ? እዚሁ ሲቀላ ጎበዝ የሬዲዮ ጠጋኝ አውቃለሁ።»

በሳምንቱ ቦታውን መልሼ ሞላሁት። ሥራ ወደዚህ እስኪያመጣኝ ድረስም ብቻዬን አራት ሆኜ ዘመርኩ።

ለብዙ ዓመት በልቤ የወቀስኩት ጋሽ ዘለቀን ነበር። ለልጅቷ መልስ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ለማርታ ቦታ ትቼ አምስት ዙር ጠበቅኳት እንጂ፣ አንድም ቀን ቤቷ ሄጄ «ነይ» አላልኳትም።