እጅ የጫንንበት ማሽን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የማልረሳው፣ የጸለይኩት ጸሎት ሳይመለስልኝ ስለቀረ ነው። ለዚያም ጌታን አመሰግናለሁ። ነገሩ እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል፤ እንዲያው እንደሆነው ልጻፈው።

የምንኖረው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው። ልጄ ሀዊ ኮምፒውተር ምህንድስና ትማር ነበር። በዚያ ሰሞን ከክፍል ጓደኛዋ ከይበልጣል ጋር የኮርስ ፕሮጀክት ይዘዋል። ይበልጣል የጎጃም ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ስለሆነ እኛ ቤት መዋል ያበዛል።

የሚሠሩት በጣት በኩል የልብ ምት የሚቆጥር ማሽን ነው። ኮርሱ ሃርድዌርና ሶፍትዌርን አብሮ መንደፍ ነው አሉኝ። ሀዊ እንዳስረዳችኝ አንዱ ሥራ ለሁለት ይከፈላል። ጣትን የሚያዳምጠውና በእያንዳንዱ ምት ቀይ መብራት ብልጭ የሚያደርገው ሽቦ የተበየደበት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ እሱ የእሷ ድርሻ ነው። ከሰሌዳው የመጣውን ተቀብሎ በኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ የይበልጣል ነው። የትኛውን ሥራ ለየትኛው መስጠት እንደሚሻል መወሰኑ ራሱ ትምህርት ነው። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ብዙም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ ፊት ካልሠራ ሀዊ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

መጀመሪያ ጣቴን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ዘለለ።

«ያንተ ኮድ አብዷል» አለች ሀዊ።

«ኮዴ ጤነኛ ነው። የላላው ያንቺ ሽቦ ነው።»

«ሽቦውን የበየድኩት በራሴ እጅ ነው!»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

የየራሳቸውን ጣት አስገቡ፤ ቁጥሩ ረግቶ ወጣ። ወደ እኔ ሲመለስ ዘለለ። «ሀርሜ፣ እጅሽ ቀዝቅዞ ነው» አለች ሀዊ፤ ሀርሜ ስትል እናቴ ማለቷ ነው። እጄን አሞቅሁ። ያው ነው። ጾም ጸሎት ላይ ነበርኩና የዚያ ይሆናል አሉ። በማግስቱ በልቼ ሞከርን። ያው ነው። ልጄን የማስወድቃት እኔ መሰለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶች የጸሎት ኅብረታችን እኛ ቤት ነው። ይበልጣል እህቶችን ጣት ለመናቸው። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ፣ እትዬ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«በጣቴ ቁጥር የሚያወጣ? ኧረ በኢየሱስ ስም! የመጨረሻው ዘመን ከጨለለቂ ጀመረ እንዴ?»

«አዴ፣ ምትዎን ብቻ ነው የሚቆጥረው» አላት።

«እኔን የቆጠረኝ ጌታ ነው» አለች። ሁሉም ሲስቁባት ግን ሰጠችው። የእሷም፣ የሌሎቹም ደህና ወጣ። የእኔ ዘለለ።

ያን ጊዜ ጸሎት ጠየቅሁ። ማሽኑን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት፤ ሁላችንም እጃችንን ጫንንበት። ይበልጣል ኦርቶዶክስ ነው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አማተበ። ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነበርኩ። «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ማሽን ስህተት አንተ አርመው» አልኩ። ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብላ አሜን ያለችው አዴ ጫልቱ ናት።

በማግስቱ ይበልጣል እየሳቀ መጣ። ፕሮግራሙን ለውጦታል። ከሰዓቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚመጣን ምት እንደ ስህተት ቆጥሮ ይጥለዋል። ጣቴን አስገባሁ። ቁጥሩ ረጋ። «ሃሌሉያ!» ብዬ ተነሣሁ። ለአዴ ጫልቱ ልደውል ስልኬን ፈለግሁ።

ሀዊ ደስ አላላትም። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው።

«ይበልጣል፣ መብራቱን እየው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ ረግቷል። ቀዩ መብራት ግን ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጣደፋል።

«ስህተቱን ደበቅነው እንጂ አላስተካከልነውም» አለች። «መምህሩ መብራቱን ካየ አለቀልን።»

«እንግዲያው የተበላሸው ሰሌዳሽ መሆኑን አሁን አረጋግጥልሻለሁ» አለ። «ማዘር፣ ይቅርታ» ብሎ የሌላውን እጄን አንጓ ያዘ። ምቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ ዓይኑን መብራቱ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። መሐል ላይ ድምፁ ቀነሰ፤ ከዚያ ተወው። ሀዊ እሱን ገፋ አድርጋ ራሷ ያዘችኝ።

«መብራቱ ልክ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ታዲያ ደስ አይልም?» አልኩ።

ሀዊ እጄን አልለቀቀችም።

«ማዘር» አለ ይበልጣል፣ «ዳገት ሲወጡ ይደክምዎታል?»

«ነቀምቴ እኮ ሁሉም ዳገት ነው። ማን የማይደክመው አለ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ መቆም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዕድሜ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ።

«ማሽን ነው» አልኩት።

«የየትኛው ክሊኒክ?»

«የልጄ ነው። ተጸልዮበታል፤ ግን ገና ፈተናውን አላለፈም።»

ሐኪሙ ሀዊን አየ። ሀዊ መሬት መሬቱን አየች።

ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሲመረምሩኝ፣ ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር እንደዚያ መብራት ይጣደፋል፣ ይቆማል። ሐኪሙ ልቤ ሥርዓቱን ስቶ እንደሚመታ ነገረኝ። እንዲህ ከቆየ ደም ውስጥ ለውስጥ ይረጋና ወደ ጭንቅላት ሊሄድ፣ ሰውንም ባልታሰበ ሰዓት ሊጥለው ይችላል አለ። መድኃኒት ጀመርኩ። ዛሬ ደህና ነኝ፤ ዳገቱንም ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።

ልጆቹ ያን ምት እየመረጠ የሚጥለውን ነገር ከፕሮግራሙ አወጡት። በምትኩ ምት ሲዛባ እንዲያስጠነቅቅ አደረጉት። መምህሩ ፊት ሠራላቸው፤ ሀዊም ከጓደኞቿ ጋር ተመረቀች።

ክርክሩ ግን አልቆመም። ሀዊ «ሀርሜን ያዳናት ሰሌዳዬ ነው፤ የአንተ ፕሮግራም ሊደብቅባት ነበር» ትላለች። ይበልጣል ደግሞ «ፕሮግራሜ ቁጥሩን ባያረጋው ኖሮ መብራቱን ማን ያየው ነበር?» ይላል። እሷን ስሰማ እውነቷን ነው፤ እሱን ስሰማም እሱ።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሣሁ። ማሽኑን ላስረዳ ስል ሰሌዳውና ፕሮግራሙ ተምታቱብኝ። ሀዊ ከኋላ ሆና ታርመኛለች፤ ሰው ይስቃል። «ጌታ ይመስገን» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም ይልቅ የሚመላለስብኝ ያ ረቡዕ ነው። ያ ሁሉ እህት እጁን የጫነው በጤነኛው ማሽን ላይ ነበር። በሽተኛዋ ቆማ ጸሎት ትመራለች። አዴ ጫልቱ አሁንም ስታገኘኝ «ዛሬስ ማን ላይ እንጫን?» ትለኛለች። አብሬያት እስቃለሁ።

ብቻዬን ስሆን ግን አስባለሁ። ጌታ ያን ቀን እሺ ብሎ ቁጥሩን አርግቶልኝ ቢሆን ኖሮስ? አሁን ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ አስተካክለው ብዬ ከመለመኔ በፊት ጥቂት እቆያለሁ። የተበላሸው የቱ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።