በናዲን በኩል የሚነፍሰው

ኦርሊን ታኬት ዕድሜውን ሙሉ ሰላጣ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ሰው ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራው ፎርክሊፍት መንዳት ነበር፤ በረሃ ላይ ካለችው ከከተማችን ከዩማ እርሻ የሚመጣውን ሰላጣ ወደ ማቀዝቀዣው ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ማሽኑን የሚነኩት ሌሎች ናቸው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ይህችን ነገር ረስቷታል። «የዚህን አገር ሰላጣ በሙሉ ያቀዘቀዝኩ ሰው ነኝ» ይላል በየሄደበት። እኛም ጎረቤቶቹ ለምደነዋል፤ ዝም እንለዋለን።

እንግዲህ የዚህ ሰው መኪና ኤሲ በሐምሌ መጀመሪያ ደከመበት። በዩማ ሐምሌ ኤሲ የሌለው መኪና እንዴት እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። ለሌላው ሰው ላብና ብስጭት ነው፤ ለሚስቱ ለናዲን ግን ከዚያም በላይ ነው። ናዲን የነርቭ በሽታ አለባት። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ውስጥ በከዘራ ደህና ትንቀሳቀሳለች፤ ሙቀት ሲያገኛት ግን እግሯ ይከዳታል፣ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ እጇ የያዘውን ይጥላል።

በዚህ ላይ እህቷ ቬልማ ኪንግማን በምትባል ከተማ ሆና ልትሞት ነው። ሐኪሞቹ የቀራት ጥቂት ነው ብለዋል። ናዲን «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላ ቃል ሰጥታታለች። ኪንግማን ደግሞ በረሃውን ሰንጥቆ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። በማታ እንዳይሄዱ፣ ኦርሊን ዓይኑን ሞራ ስለጀመረው በጨለማ አይነዳም። ጋራዥ እንዳይወስደው፣ በዚህ ወር የዩማ ጋራዥ ሁሉ ወረፋው አይቀመስም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጎረቤታቸውን የኩኮ ባራዛን ፒክአፕ እንዳይዋስ፣ ናዲን ያን የሚያህል ከፍታ ልትወጣ አትችልም። የቀረው ኦርሊንና ሁለት እጁ ነው።

«አታስቢ» አላት። «የዚህን አገር ሰላጣ ያቀዘቀዝኩ ሰውዬ አንዲት ሚስት ማቀዝቀዝ ያቅተኛል?»

«ሰላጣው አፍ ቢኖረው ጥሩ ነበር» አለችው ናዲን።

ከመለዋወጫ ሱቅ ቱቦና መለኪያ የተገጠመለት አንድ ጣሳ የኤሲ ጋዝ ገዝቶ መጣ። እዚህ አገር ሐምሌ ሲገባ ወንዱ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የየቤቱ ኮፈን ተከፍቶ ከየኮፈኑ ሥር አንድ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ አይጠፋም። ኦርሊንም ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ ቱቦውን ሰካ፣ ጣሳውን እየነቀነቀ አጠጣው። የመለኪያው ቀስት ተነስታ አረንጓዴው ላይ ቆመች። ከዚያ ለኅዳሩ በዓል ቱርክ ዶሮ ሲጠብሱ የሚጠቀሙበትን የሥጋ ቴርሞሜትር ከኩሽና አምጥቶ፣ ከመሪው አጠገብ ባለው የአየር መውጫ ሰካና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ቅዝቃዜው ፊቱን መታው። ደስ አለው፤ እንዲያውም ብቻውን ሳቀ።

ኤሲውን ለመሞከር ናዲንን ጭኖ ከከተማው ዳር እስካለው ወንዝ ድረስ ነዳ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ግንባሯን በመሀረብ መጥረግ ጀመረች።

«ኦርሊን፣ ሞቀኝ።»

«እንዴት ይሞቅሻል? እኔ እኮ ጣቴ ሊደነዝዝ ነው።»

«እኔንጃ። የሚነፍሰው ሙቅ ነው። አላስችል ሲለኝ ዘጋሁት።»

ቀኝ እጁን ዘርግቶ በእሷ በኩል ያለውን መውጫ ዳሰሰ። እውነትም ተዘግቷል፤ ምንም አይነፍስም። «እንዴ፣ በሩን ዘግተሽ እንግዳ አልመጣም ትያለሽ?» አለና ከፈተላት። ከዚያ ሁለት እጁን መሪው ላይ መለሰ፤ ኦርሊን ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ እጁ ነድቶ አያውቅም። ቤት ሲደርሱ ናዲንን ከመኪናው ያወረዳት ተሸክሞ ነው።

ነገሩ ግራ ገባው። ቴርሞሜትሩ ቀዝቃዛ ይላል፣ ቀስቷ አረንጓዴ ላይ ናት፣ እሱ ራሱ በርዶታል፤ ሚስቱ ግን ስትቀልጥ አይቷል። እንደሱ ሐሳብ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጋዝ አልገባም ማለት ነው። በማግስቱ ሁለተኛ ጣሳ ገዛ። ቀስቷ አረንጓዴውን አልፋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ ትንሽ ልቡ ፈራ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ጣሳውን ጨረሰው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢጠብቅ፣ ትናንት በረዶ የነበረው የራሱ ወገን ለብ አለ።

ኦርሊን መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየ። ሲጎድል ይሞቃል፣ ይሁን። ሲሞላ ደግሞ የሚሞቀው በምን ሕግ ነው? ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደግሞ አነበበ፤ መልስ የለውም። በመጨረሻ አልወድም አልወድም እያለ መንገዱን ተሻግሮ የኩኮን በር አንኳኳ።

ኩኮ ባራዛ አትክልት የሚጭኑ መኪኖችን ኤሲ የሚጠግን፣ ጢሙን እንደ አባቱ የሚያጎፍር፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ኦርሊን በዕድሜ ስለሚበልጠው በአክብሮት «ዶን ኦርሊን» ነው የሚለው፤ ያም ሆኖ አይምረውም።

«ዶን ኦርሊን፣ ይሄ ኤሲ እንጂ ግመል አይደለም። ልኩን ካለፈ አይሠራም። የፈጣሪ ያለህ፣ ሁለቱንም ጣሳ አጠጡት?»

«አንተ ዝም ብለህ ሥራ» አለው ኦርሊን፤ አፍሯል።

ኩኮ ከሥራ ቦታው ማሽን ተውሶ መጣ፤ ጋዙን በሙሉ መጦ አወጣና፣ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ልክ አይቶ መዝኖ መለሰው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ ወረደ። የኦርሊን ፊት እንደገና በረደ። ኩኮ ማሽኑን ለመመለስ ቸኩሎ ስለነበር «አሁን ኪንግማን አይደለም አላስካ ይሂዱ» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦርሊንና ናዲን እንደገና ወጡ። በዚህ ጊዜ መውጫውን አልዘጋችም፤ እንዳትዘጋ አስጠንቅቋታል። ብዙም ሳይርቁ ከዘራዋ ከእጇ ወደቀ።

«ኦርሊን፣ እሳት ነው።»

«ናዲን፣ ቴርሞሜትሩን እዪው። እዪው እስቲ።»

«ዓይኔ አያይልኝም አሁን።»

«እኔ ላንብብልሽ? ቀዝቃዛ ነው የሚለው። ኩኮ መዝኖ ነው የሞላው። መኪናው ጤነኛ ነው።» ቀጥሎ ያለውን መናገር አልፈለገም፤ ተናገረው። «ሰውነትሽ ነው እኮ የሚያሳስትሽ፣ ናዲን። በሽታው ነው።»

ናዲን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሰላጣው አንድ ነገር ጣል ታደርግበት ነበር። ቤት ሲገቡ በቀዝቃዛ ፎጣ ጠቅልሎ አስተኛት፤ እግሯ እስኪመለስላት ድረስ አጠገቧ ተቀመጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኦርሊንም ያችን ቴርሞሜትር አልለቀቃትም፤ በእጁ እያገላበጠ ያያታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመኝታ ክፍል ድምፅዋን ሰማ። ቬልማ ጋ ደውላለች። «አልችልም፣ ቬልሚ። መኪናው ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የተበላሸሁት» ትላለች። ከዚያ በልጅነታቸው አብረው ስለተኙበት አልጋ፣ ስለ እናታቸው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም አወራች። ኦርሊን እየተሰናበተቻት መሆኑ ገባው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ምን ብሎ እንደሚገባ አላወቀም።

ዓርብ ጠዋት ኩኮ ብቅ አለ። ኦርሊን ነገሩን ሲነግረው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«ቁልፉን ይስጡኝ። እየነዳሁ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ድምፅ ልስማ።»

ኦርሊን ከልማድ ወደ ሾፌሩ በር ሄደ፤ ኩኮ ቀድሞት ገብቷል። ኦርሊን ዞሮ ጋቢና ተቀመጠ። ይህ መኪና ከተገዛ ጀምሮ ጋቢና ተቀምጦ አያውቅም። እኛ ዘንድ ሰው ተጋብቶ ከከረመ ሁሉም ነገር ወገን ወገን አለው፤ አልጋውም፣ የቤተ ክርስቲያን መቀመጫውም፣ መኪናውም። የሚስትን ወገን የሚነካ ባል የለም፤ ክልክል ሆኖ ሳይሆን ትዝም ስለማይለው ነው። ኦርሊን የደህንነት ቀበቶውን በግራ ትከሻው ሲፈልግ ቆይቶ በቀኝ በኩል አገኘው።

ጥቂት እንደሄዱ ደረቱ ላይ የሚነፍሰው ነገር ልክ አልመስል አለው። እጁን መውጫው ላይ አደረገ። አነሳና ደግሞ አደረገ።

«ኩኮ፣ አንተ ጋ ምንድን ነው የሚነፍሰው?»

«በረዶ ነው እንጂ።»

«እኔ ጋ እሳት ነው።»

ኩኮ መኪናውን ዳር አስያዘና ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠጋ። በጋቢናው በኩል ከውስጥ ቀጭን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። «አይ ዶን ኦርሊን» አለ ቀስ ብሎ። «የጋዝ ነገር አይደለም ይሄ። በዚህ በኩል ሙቁንና ቀዝቃዛውን የምትመርጥ ክዳን አለች፤ የምታንቀሳቅሳት ትንሽ ሞተር ተሰብራ ሙቁ ላይ ቀርታለች። የሾፌሩ ወገን የራሱ ሌላ ክዳን ነው ያለው። እኔም ደንቆሮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እጄን እዚህ አላደረግኩም።»

ኦርሊን አልሰማውም። ሙቁ ነፋስ ደረቱ ላይ እየነፈሰ፣ ሐሙስ ዕለት በዚችው ወንበር ላይ ለተቀመጠች ሴት ምን እንዳላት ነው የሚያስበው። ኩኮ መንዳቱን ቀጥሎ ቤት እስኪያደርሰው ድረስ መውጫውን አልዘጋውም።

ናዲን ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ናዲን፣ ልክ ነበርሽ። በአንቺ በኩል የሚነፍሰው እሳት ነው። አሁን ተቀምጬበት መጣሁ።»

ናዲን ቀና ብላ አየችው። «ትናንትም?»

«ትናንትም። ከመጀመሪያውም ጀምሮ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኦርሊን ለቬልማ የምታለቅስ መሰለውና «እንደርሳለን፣ ኩኮ አሁን ያበጀዋል» አላት። ራሷን ነቀነቀች።

«ትናንት አንተ ከአጠገቤ ከተነሳህ በኋላ ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ውሃው ሥር አደረግኩ» አለች። «እጄ ቀዝቃዛ ነው ይለኛል። እኔ ግን አላመንኩትም። ቀዝቃዛውን እሳት ካልኩ እሳቱንም ቀዝቃዛ እላለሁ ብዬ፣ ዛሬ ምድጃውን ለመንካት ፈርቼ ቁርስ አልሠራሁም። ኦርሊን፣ እህቴን ብቻ አይደለም የተሰናበትኩት። ራሴን ነው።»

ኦርሊን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና «ይቅር በይኝ» አላት።

«ደውልላት» አለች ናዲን፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ትመጣለች በላት። ጤነኛዋ እሷ ናት፣ መኪናው ነው በሽተኛው በላት።»

ኩኮ የጋቢናውን መሳቢያ ነቅሎ፣ የተሰበረችውን ሞተር አውጥቶ፣ ክዳኗን በእጁ ወደ ቀዝቃዛው ገፋና በሽቦ ጠፍሮ አሰራት። አያምርም፤ ግን ይይዛል።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተነሱ። ከተማውን ለቀው በረሃው ሲጀምር፣ በአንድ እጁ ነድቶ የማያውቀው ኦርሊን ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ በእሷ በኩል ወዳለው መውጫ ዘረጋ።

«እጅህን ምን አመጣው?» አለች ናዲን። «እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ። ጠይቀኝ።»

እጁን ወደ መሪው መለሰ።

«ይቀዘቅዛል?» አላት።

«ይቀዘቅዛል» አለች።

አመናትና መንገዱን ቀጠለ።