የአባዬ ቃጫ እና የእነሱ ኤሲ

ቱሪስቶችን ወደ አዋሽ የመውሰዱ ሥራ ለእኛ መኪና ተሰጠ! አባዬ ስልኩን ዘግቶ «የአዋሹ ጉዞ የኛ ነው» ሲል ቂርቆስ ያለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ እየጮህኩ ዘለልኩ። ባይሰጠን ኖሮ አልጋና ምድጃ የገጠመላትን አሮጌ ሚኒባስ ሊሸጣት ነበር።

ግን ከደስታዬ ግማሹ ቅናት ነው። ካዛንቺስ የምትኖር የክፍሌ ልጅ አለች፤ አባቷ እንደኛው ያለ መኪና አለው፣ የእነሱ ግን ኤሲ አለው። የእኛስ? አባዬ ራሱ የሠራው ሳጥን! ውስጡ ውሃ የጠጣ ቃጫ አለ፣ ትንሽ ቬንትሌተር ይነፋበታል፣ በቃ። እሷ ደግሞ በየእረፍቱ «የኛ መኪና ውስጥ እኮ ሹራብ ነው የሚለበሰው» ትላለች። አንጀቴ ያርራል።

ሥራው ከመሰጠቱ በፊት አስጎብኚ ድርጅቱ የትኛው እንደሚሻል ሊለይ ሁለቱንም መኪኖች ለሙከራ ወደ አዋሽ ሲያስወጣን ቤተሰብም ተከተለ። ሙቀቱ ሲጀምር አባዬ «መስኮቱን ከፈት አድርጉት፣ አየሩ መውጫ ይፈልጋል» አለ።

እማዬ «በላቧ ላይ? ልጄን ንፋስ ልታስመታት ነው?» ብላ ጥርቅም አደረገችው።

እኛ የታክሲ መስኮት የሚከፍት ሰው ጠላት የሆነበት ከተማ ልጆች ነን። እርጥበቱ ታፍኖ ልብሳችን ገላችን ላይ ተጣበቀ። የእነሱ መኪና ስታልፈን ልጅቷ በመስታወቱ እጇን አውለበለበችልኝ። ሹራብ ለብሳ! ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ለምሳ ቆምን። ሞተሩ ሲጠፋ የእነሱ ኤሲም ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆዩ እያለከለኩ ወጡ። የእኛው ሳጥን ግን በትርፍ ባትሪ ነው የሚሠራው። አባዬ እማዬን «አንቺ ነጠላሽን ተከናነቢ» አላትና የኋላውን መስኮት ከፈተ። ቀዝቀዝ ያለ አየር ገባ። መኪኖቹን ሊያዩ አብረውን የመጡት የድርጅቱ ሰውዬ እኛ አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ሲነቁ «እንግዶቻችን የሚተኙት መኪና ቆሞ ነው» ብለው ሳጥኑን ደግመው ደጋግመው አዩት።

ልኮራ ስል እማዬ ሳጥኑ ፊት ያለውን የእኔን ቦታ ለማን ሰጠች? ለሷ፣ ለባለሹራቧ! «ነይ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ አረፍ በይ።» እኔን ደግሞ «ተነሽ እንጂ፣ እንግዳ ናት!» አለችኝ። ልጅቷ ሹራቧን ትራስ አድርጋ ተንፈላሰሰች። በገዛ ቃጫችን ቀናሁ። መኪና ሲሄድ ደግሞ ኤሲያቸው እንደሚበልጠን አልክድም፤ ይኼም ያናድደኛል።

አሁን ሥራውን ስላገኘን አባዬ እንግዶቹን ይዞ ከመውጣቱ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሰፈሩን ሰው በመኪናዋ እስከ ስታዲየም ሊያንሸራሽር ነው። «የፈለግሽውን ጥሪ» ብሎኛል። የካዛንቺሷን መጀመሪያ ጠራኋት፤ ማለቴ፣ ደስታዬን ትይልኝ ብዬ ነው። እናንተም ኑ፣ ከቂርቆስ ቤተክርስቲያን በታች ቆመን እንጠብቃችኋለን።