የአፕላችን ትልና የልጄ «ጥፋት»

ቆላ፣ ሲቀላ ገበያ አፕል ይዤ በወረድኩ ቁጥር በማንጎ ሻጮቹ ላይ እቀልድ ነበር። የእነሱ ማንጎ ሲቆረጥ ትል ይርመሰመስበታል። «የእኛ ደጋ ትል አያሳድግም» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ እውነት ነበር። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይተኛል፤ ትሉን የምትጥለው ዝንብ በዚያ ብርድ ምን ትሠራለች? አሁን ውርጩ ቀርቷል። የቆላው ትንኝ እንኳ ወደ እኛ ወጥቶ ይዘፍናል።

የባሌ ታላቅ ወንድም ከቆላ ማንጎ አስጭኖ መጣ። ግማሹ በስብሶ ነበርና እንደ ልማዳችን እንሰቱ ሥር፣ ፍጉ ላይ ደፋው። ልጄ አየችው። «ጋሼ፣ ትሉ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ብርዱ እንደ ድሮ አይገድለውም፤ አፕላችን ላይ ይወጣል። ያቃጥሉት» አለችው።

«ፍግ የምታስተምረኝ ሴት ተወለደች!» ብሎ ምራቁን ተፋ።

የእኛ ጓሮ ከእሱ ፍግ ጋር አጥር ለአጥር ነው። አፕሉ ሲበስል ትሉ መጀመሪያ የታየው በእኛ ዛፍ ላይ ሆነ። የአገሩ ሽማግሌዎች፣ የባሌ ወንድምም ጭምር፣ ተሰብስበው መረመሩ፤ መመርመር ካሉት። ጎሜ ነው አሉ፤ ሕግ ሲጣስ በአገር ላይ የሚወርድ መዓት። ማን ጣሰ? ታላቅ ሰው የደፈረች ልጅ። አለቀ። ዱቡሻ፣ ሸንጎው ሜዳ ወጥታ በሰው ሁሉ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» እንድትል ተቆረጠ።

አንዴ ካመነች፣ ሕፃን በታመመ ላም በነጠፈች ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። ማን ያገባታል? ማን ቤቱ ያስገባታል?

ከየሽማግሌው ሚስት አንዳንድ አፕል ለመንኩ። ለምን አላሉኝም። አንዷማ «ትል የበላውን የእኛን ለበግ ነው የምሰጠው፤ ለሰውየው እንዳትነግሪው» አለችኝ።

በሸንጎው ቀን ሴት ዳር ነው የምትቆመው። ልጄ መሐል ላይ ቆማ አፏን ሳትከፍት እኔ ገባሁና ቅርጫቴን ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አኖርኩ። እየቆረጥኩ አሳየኋቸው።

«ይኼ የእርስዎ ጓሮ ነው። ይኼ የእርስዎ። ይኼኛው፣ ጋሼ፣ የእርስዎ።» ትሉ እየተገላበጠ ወጣ። «በእርስዎ ጓሮስ ማንን ደፍራ ነው ያመጣችው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቢላዋውን አስቀምጪ» አለ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ።

«አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ልጄን ልቀቁ።»

ተንሾካሾኩ። ጥፋቱ የአገሩ ሁሉ ነው፣ ልጅቷ ትሂድ፣ ለአገሩ በግ ይታረድ አሉ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በጉን አርደው በሉ። ዝንቧ ሥጋው ምኗም አይደለም፤ አፕሉ ላይ ናት።

በማግስቱ የባሌ ወንድም በአጥር በኩል ተጣራ። «ያቺን ልጅሽን ላኪልኝማ። የወደቀውን አፕል ለቅማ ታቃጥልልኝ።»

«በጉ ይልቀምልዎት፣ ጋሼ» አልኩትና ከልጄ ጋር የራሳችንን ልንለቅም ወደ ጓሯችን ገባን።