ከሸማ ጉድጓድ ወደ ጫሞ ጀልባ

ስደት ባሕር መሻገር ነው ይባላል። ውሸት ነው። ስለ ስደት ያነበብኳቸው መጻሕፍት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ፣ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ በእግሬ ቁልቁል ወርጄ ተሰድጃለሁ። ከዳርቻው ሰዎች ጋር በቋንቋ እንግባባለን፣ የምናስቀድሰውም አንድ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቢሆንም ባዕድ ነበርኩ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሸማኔ ነበርኩ፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ ሸማ እሠራ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ የሽመና ዕቃዬን ሸጬ ወረድኩና የዓሣ ጀልባ ላይ ሥራ ጠየቅሁ። የጀልባው ኃላፊ ጋሽ ጦና፣ ወላይታ ናቸው፣ "እንሞክርሃለን። ካልሆነልህ ተራራህ አይጠፋህም" አሉኝ። ተራራው አይጠፋኝም፤ እዚያ የሚጠብቀኝ ሥራ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት መረብ ስንጎትት ተቀደደ። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ሥራ ያቆማል፤ ቋጥሮ ነው የሚቀጥለው። እጄ ሳያማክረኝ ከጀልባው ጎንበስ ብዬ የተበጠሰውን ውሃ ውስጥ መቋጠር ጀመርኩ። ጀልባው አዘነበለ። ጋሽ ጦና በቀበቶዬ ይዘው ወደ ኋላ ወረወሩኝ።

"አንተ! አዞ ቁርሱን ይፈልጋል፣ አንተ ልብስ ትሰፋለህ?"

መጎተቱ ስለቆመ ግማሹ ዓሣ በቀዳዳው አመለጠ። ዳር ስንደርስ "ነገ እንዳትመጣ" አሉኝ።

ቀዛፊው ማቴዎስ ጨመረበት፦ "ደገኛ እኮ ነው ጋሼ፤ አዞውን እንሽላሊት መስሎት ነው።"

አልተለማመጥኩም። "ጋሼ፣ ክር ተበጥሶ እያየሁ ማለፍ አልተማርኩም።"

ጋሽ ጦና ወደ እኔ ዞሩ። "አገርህ ክር ሲበጠስብህ ምን ታደርግ ነበር?"

"ሁሉን አቁሜ እቋጥራለሁ።"

የተቀደደውን መረብ እግሬ ሥር ጣሉት። "እንግዲያው ዳር ላይ ቁጭ በልና ቋጥር። ሐይቁ ላይ መጎተት ብቻ ነው።"

እንደ ሸማ አጥብቄ ቋጠርኩት። ጋሽ ጦና ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና "ዓሣው በርዶታል እንዴ? ጋቢ ሠራህለት!" አሉ።

ፈታሁት። በመረቡ ቀዳዳ ልክ የተቆረጠ እንጨት ሰጡኝ፤ በእሱ እየለካሁ እንደገና ቋጠርኩ።

በማግስቱ መረቡ ሐይቅ ገባ። ሲወጣ እኔ የጠገንኩት ቦታ ላይ ትልቅ ነጭ ዓሣ ተይዞ ይንፈራገጣል። ጋሽ ጦና አላመሰገኑኝም፤ መቅዘፊያ አቀበሉኝ።

ውሎ አድሮ የሌሎች ጀልባዎች መረብም እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ኋላ እኔም የጀልባ ኃላፊ ሆንኩ።

መጤን የሚጥለው የማያውቀው ነገር ነው ይላሉ። እኔን ሊጥለኝ የነበረው አሳምሬ የማውቀው ነው። አንተም ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ሥራ ሲያበላሽብህ፣ ከማባረርህ በፊት አገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠይቀው።