የሚቃወም አለ?

በምክር ቤት ዓመታቴ ከሁሉ በላይ የደከመው ቀኝ እጄ ነው። ስለ ፖለቲካ ሕይወቴ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን እመልሳለሁ፤ ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልድ አላሰብኩም። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ እጄ ይነሳል፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ሲሉ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ሰነዱን ቤቴ ወስጄ፣ እርሳስ ይዤ አነብ ነበር። እያደር እጄን አንስቼ ማንበብ ለመድኩ። በኋላማ ማንበቡም ቀረ።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ለምክር ቤት ያበቃኝ ትምህርቴ ሳይሆን ይኸው የእድሩ መዝገብ ነው። በየብሎኩ ማን እንደሞተበት፣ የማን እናት እንደታመመች የማውቀው እኔ ስለነበርኩ፣ በምርጫው ሰሞን ፎቶዬን ያየ ሁሉ «ይቺማ የኛዋ ጸሐፊ ናት» አለ። ከተመረጥኩ ወዲህ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ሰላም አጣሁ። «የተከበሩ!» ብለው ያሾፉብኛል፣ ከሹፈቱ ቀጥሎ አቤቱታ ይመጣል። ውሃ ሲጠፋ እኔ፣ መብራት ሲጠፋ እኔ። አንዷ ጎረቤቴ በልጇ ሠርግ ቀን ዝናብ ሲጥል ቀና ብላ ያየችው ሰማዩን ሳይሆን የኔን መስኮት ነበር።

የእድራችን ቤት ከግቢው አጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ያሠሩት የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ዛሬም ሲቀመጡ መሪ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው የሚቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ በራፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው የሚተዋወቀው በለቅሶ ነው፤ ያ ቤት ባይኖር ኖሮ ጎረቤቶቼን በደረጃ ላይ ኮቴያቸው ብቻ አውቃቸው ነበር።

መንገዱ ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ የተሰማ ጊዜ ዳኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ መንገድ አንጠላም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። «ቤቱ ሳይፈርስ ግን ምትክ ቦታ ይሰጡን። ይህን ብቻ ተናገሪልን።»

«እናገራለሁ ጋሼ፣ እርስዎ አያስቡ።»

«አንቺ ካልሽ አለቀ» አሉና ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

እድራችን ውስጥ ለውሳኔ እጅ አይነሳም። ዳኛው ነገሩን ያስረዳሉ፣ ከዚያ «የሚቃወም አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ይጠብቃሉም። የሳቸው መጠበቅ ሌላ ነው፤ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ የያንዳንዱን ሰው ፊት ያያሉ። አንድ ሰው «እኔ አለሁ» ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል፣ እሱ እስኪስማማ ድረስ ማንም ቤቱ አይሄድም። አንድ ጊዜ የድንኳኑን ቀለም ያልወደደች ሴት ምሳችንን አስቀርታብናለች። ያኔ ተናድጄ ነበር።

የመንገዱ ፕላን ለምክር ቤቱ የቀረበ ቀን ጥያቄዬን በግማሽ ወረቀት ጽፌ፣ ታክሲ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠናሁት። አጠገቤ የምትቀመጠው ከአያት ሰፈር የተመረጠች ባልደረባዬ ወረቀቱን አይታ «ዛሬስ ልትናገሪ ነው!» አለችኝ። ሰነዱ ወፍራም ነበር። የኛ ቤት በስም የለም፤ መጨረሻ ላይ ባለው ካርታ ውስጥ ቀዩ መስመር በላዩ አልፏል። ለመናገር ተመዘገብኩ። ሁለት ሰው ሲቀረኝ አፈ ጉባኤው ሰዓት ስለተጣበበ ውይይቱ እዚህ ላይ ይብቃ አሉ። ደሜ ፈላ። ግድ የለም፣ እቃወማለሁ፤ የመጀመሪያዬ ይሆናል አልኩ በልቤ።

«የምትደግፉ?»

በግራ እጄ ወረቀቱን እያጠፍኩ ነበር። ቀና ስል ቀኝ እጄ ተነስቷል። ፈርቼ አልነበረም፤ ፈርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለምዶብኝ ነው። ማውረድ እችል ነበር፤ ግን አንድ እጅ ብቻውን ሲወርድ አዳራሹ በሙሉ እንደሚያየኝ ሳስብ አፈርኩ። ቆጠሩና ጸደቀ። ከዚያ ወደ ሻይ ወጣን።

ስመለስ በቀጥታ ቤቴ መግባት አቃተኝ። አትላስ ወርጄ አንድ ካፌ ገባሁ፤ ማኪያቶ አዝዤ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። ሁሉንም ልነግራቸው ወሰንኩ፤ ሰው አይደለሁ፣ ተሳስቻለሁ እላቸዋለሁ። ቡልቡላ ስደርስ ዳኛው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ተናገርሽልን?»

«አዎ ጋሼ።»

የደከመው ሰው አጭሩን መልስ ይመርጣል። በዚያ ምሽት ሰፈራችን መብራት አልነበረም፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ዜና ያየ የለም። በመብራት መጥፋት የተደሰትኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ አልኩ።

ቤቱ የፈረሰው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ምትክ ቦታ አልተሰጠንም። አግዳሚዎቹ በየደረጃው ሥር ገቡ፣ ድስቶቹ በየበረንዳው ተከፋፈሉ፣ ድንኳኑን ዳኛው ወስደው አልጋቸው ሥር አስገቡት። ባለቤታቸው የለቅሶ ድንኳን ላይ አልተኛም ብለው ለጥቂት ቀናት ልጃቸው ቤት ማደራቸውን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የተሰበሰብነው እዚያው የፈረሰው ቤት ቦታ ላይ ነበር፤ የመጣው ሁሉ መቀመጫውን ከቤቱ ይዞ። ከደረጃችን ሥር ያለውን አግዳሚ ከጎረቤቴ ጋር ተሸክመን መጣን። ጉልበቴ ላይ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ዘረጋሁ። አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «የመረጥናት ሴትዮ ምን ሠራችልን?» አለ። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ። በቃ፣ ተጠየቅኩ፣ ልናገር ነው።

ዳኛው ቀደሙኝ።

«ተቀመጥ!» አሉት። «ልጃችን ተናግራልናለች። አልሰሟትም እንጂ ተናግራለች። ሲመሽ ጠብቄ ጠይቄያታለሁ፤ ፊቷ ላይ ድካሙን ያየሁት እኔ ነኝ። ስሟ በምስጋና ቃለ ጉባኤው ውስጥ ይግባ።» ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆኝ ተቀመጠ።

ከዚያ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው «የሚቃወም አለ?» አሉ።

እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። ከፊት ወንበር ጀምረው እየቃኙ እስከ ኋላ ሄዱ። አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ታገሱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መቃወም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። «እኔ አለሁ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ እኔንም እንደ ሌላው ሰው ጠበቁኝ።

«በይ ጻፊው ልጄ» አሉኝ።

ጻፍኩት።