የሷን ክር አሰርኩበት

ጭምቴ ነበር የምንላት። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ነው። ባሏ በጊዜ ሞቶባት አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳደገች፤ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ስለሷ ልጻፍ ብዬ በተነሣሁ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል፤ ሳልጽፈው ግን መሞት አልፈልግም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የሐኪሞቹ ነጭ ጋውን ከመታጠቡ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የፈተሸችው ሴት በመረብ ከረጢት ትከትና አፉን በራሷ ክር ታስራለች፤ የኔ ሰማያዊ፣ የጭምቴ ቢጫ። ጥፋት ከተገኘ በክሩ ይታወቃል።

አንድ ቀን ወሬ ይዤ መሰለኝ አንድ ኪስ አለፈኝ። ከማሽኑ ሳወጣው ከረጢቱ ሙሉ ቀለም በቀለም ሆኗል፤ እስክሪብቶ ቀርቶበት ኖሯል። ዘወር ዘወር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ክሬን በጥሼ ጣልኩና ከጭምቴ ጠረጴዛ ቢጫውን አንሥቼ አሰርኩበት።

ኃላፊያችን ስትመጣ ቢጫውን ክር አየችና ጭምቴን፣ "አንቺ፣ ዓይንሽን ቤት ትተሽው ነው የምትመጪው?" አለቻት።

ጭምቴ ቋጠሮውን ዳሰስ አደረገችና፣ "እትዬ፣ እኔ ያሰርኩት አይደለም" አለች ቀስ ብላ።

"ታዲያ ክሩ በእግሩ ሄዶ ታሰረ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ እኔም!

ጭምቴን ወደ መዘፍዘፊያው አወረዷት፤ ደም የነካው አንሶላ በበረኪና የሚነከርበት ክፍል ነው። እጇ ተሰነጣጠቀ።

ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ መሪዋ እኔ ነኝ። "ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ!" እላለሁ። ያቺ ድምፅ የሌላት ጭምቴ ከሁሉ በላይ "አሜን!" ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ቆየን። አምላኬ ፊት ቆሜ የማዳምጠው የራሴን ድምፅ ነበር።

አንድ ሐሙስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንጸልይ የሷ እጅ የኔ እጅ ውስጥ ገባ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ጸሎቱ አፌ ላይ ቀረ።

"ክሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"የቱን ክር?" አለች አንዷ።

"አውቃለሁ እኮ" አለች ጭምቴ። "አንቺ ሁለቴ ትቋጥሪያለሽ፣ እኔ አንዴ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት።

"መች ዝም አልኩ? ተናገርኩ፤ ሳቃችሁ።" ወደኔ ዞረችና፣ "ከዚያ ወዲያ የተሰወረውን ግለጥ ባልሽ ቁጥር፣ በቃ ዛሬ ልትናገር ነው እያልኩ አሜን እላለሁ። ኧረ ጉሮሮዬን ጨረስሽው!" አለች።

ማንም አልሳቀም። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ "ኃላፊዋ ጋ አብረሽኝ ነዪ፣ እህቴ" አልኳት።

"እኔ ምን አጥፍቼ? አንቺው ሂጂ።"

ብቻዬን ሄድኩ። በዚያ ኮሪደር ስንት ጊዜ ደረቴን ነፍቼ አልፌበታለሁ፤ ያን ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሄድኩት። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"ቤት ያሉት ልጆችሽ ይህን ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።"

"ነገ ጠዋት መዘፍዘፊያው ጋ ትገቢያለሽ። እሷ ወደ ቦታዋ። ያኔ የሳቁት ሁሉ ካንቺው አፍ ይስሙ" አለችና ሌሎቹን ልትጠራ ወጣች። ተቀመጪ አላለችኝም፤ ቆሜ ጠበቅኩ። ኀፍረቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልለምንም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በር በተከፈተ ቁጥር ክው ይል የነበረው ልቤ፣ ሴቶቹ ተከታትለው ሲገቡ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው።